ከክሊራንስ ባሻገር፦ መምህራን ተቋማዊ ዲጂታል ማኅደርን እንዲጠቀሙ በማበረታታት ረገድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሚና

አጠቃሎ

ተቋማዊ ዲጂታል ማኅደር አንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑና ተማሪዎቹ ያፈሩትን የምርምር ውጤት በኤሌክትሮኒክ መልክ ሰብስቦ፣ መዝግቦ፣ ጠብቆና ለአንባቢ ክፍት አድርጎ የሚያቆይበት አገልግሎት ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በተቋቋሙት ማኅደሮች ውስጥ የሚበዛው የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሆን የመምህራን ሥራ ግን አነስተኛ ቦታ ይዟል። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት ይመረምራል፤ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የታዩ ተሞክሮዎችን በመቃኘትም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሊወጣ የሚገባውን ሚና ያመለክታል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ መምህሩን ወደ ማኅደሩ የሚያመጣው ቅስቀሳ ብቻ ሳይሆን ሸክሙን የሚያቃልል አገልግሎት መሆኑ ነው። በተለይም የአማርኛና የሌሎች የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚ ቋንቋዎች ጽሑፎች ተፈልገው እንዲገኙ ለማድረግ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሙያ ውጭ አማራጭ እንደሌለ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ተቋማዊ ዲጂታል ማኅደር፣ ክፍት ተደራሽነት፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሜታዳታ፣ የቅጂ መብት

1. መግቢያ

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዓመታት ደክሞ የጻፈው ጥናት ለፈተና ቀርቦ ካለፈ በኋላ የት ይደርሳል? ለረጅም ዘመን መልሱ አጭር ነበር፤ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ አንድ በትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን፣ አንድ ደግሞ በአማካሪው ቢሮ ይቀመጣል። የመምህራን ጥናትም ዕጣው ከዚህ እምብዛም አይሻልም። በውጭ መጽሔት የወጣው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በክፍያ የሚነበብ በመሆኑ፣ ጥናቱ ስለተካሄደበት ወረዳ የሚያስብ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ ሊያገኘው አይችልም። በዐውደ ጥናት የቀረበው ደግሞ ከአቅራቢው ኮምፒውተር ሳይወጣ ይቀራል።

ጉዳዩ ንባብን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ህልውናንም ይመለከታል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ቅጂ የሕንፃው ዕጣ ዕጣው ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. (ኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ.) በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የጃገር ቤተ መጻሕፍት ላይ የደረሰው ቃጠሎ የአፍሪካ ጥናት የኅትመት ስብስቡን አብዛኛውን ክፍል አጥፍቷል። በአገራችንም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ክፍል በተካሄደው ጦርነት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፣ ንብረታቸውም ወድሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወንበርና ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ ሌላ ቅጂ የሌለው ጥናት ግን አይተካም።

ዲጂታል ማኅደር ለሁለቱም ችግሮች፣ ማለትም ለተነባቢነትም ሆነ ለህልውና፣ መፍትሔ ሆኖ የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ ማኅደሩን ማቋቋም አንድ ነገር ሲሆን በሥራ መሙላት ሌላ ነገር ነው። ሶፍትዌሩን መትከል የጥቂት ሰዎችና የጥቂት ሳምንታት ሥራ ሊሆን ይችላል። መምህራን ሥራቸውን በፈቃዳቸው እንዲያስገቡ ማድረግ ግን ዓመታት የሚፈጅ፣ ሰው ከሰው ጋር የሚሠራው ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

2. የተቋማዊ ዲጂታል ማኅደር ምንነትና አነሣሥ

የጥናት ጽሑፎችን በኢንተርኔት በነጻ የማጋራት ልማድ የተጀመረው ከተቋማት ሳይሆን ከሙያ ማኅበረሰቦች ነው። የፊዚክስ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመሩት አርካይቭ የተባለው ማከማቻ የመጀመሪያው ጉልህ ምሳሌ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ኢፕሪንትስ የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ከሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ጋር ዲስፔስ የተባለውን ለአገልግሎት አበቃ። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ስለሆኑ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የራሱን ማኅደር ለማቋቋም በር ከፍተዋል። በዚያው በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የቡዳፔስት የክፍት ተደራሽነት መግለጫ ተመራማሪዎች ሥራቸውን በክፍት ማኅደር እንዲያስቀምጡ ከጠቆማቸው ሁለት መንገዶች አንዱ አድርጎ አቅርቧል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጨበጥ ይገባል። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ሥርዓት ምሁር የነበሩት ክሊፎርድ ሊንች በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ተቋማዊ ማኅደርን የገለጹት ዩኒቨርሲቲው ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው የአገልግሎቶች ስብስብ አድርገው ነው። በዚህ አተያይ ማኅደር ማለት ኮምፒውተሩ ወይም ሶፍትዌሩ አይደለም፤ ሥራን የመቀበል፣ የመመዝገብ፣ የመጠበቅና የማሠራጨት የተቋም ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑን ዕለት በዕለት የሚፈጽመው ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው አተያይ ነው።

3. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሁኔታ

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ያለ መሠረት የተጀመረ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ለአገሪቱና ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመረጃ ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ ሲያሠለጥን ቆይቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ማኅደር አቋቁመዋል። የኢትዮጵያ አካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ጥምረትም ተቋማቱ ተሞክሮ የሚለዋወጡበት መድረክ ነው።

ከሁሉም የላቀው እርምጃ በ2019 እ.ኤ.አ. የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው በመንግሥት ገንዘብ የተካሄደ ምርምር ውጤት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በኢትዮጵያ ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማኅደር፣ እንዲሁም ተቋሙ የራሱ ማኅደር ካለው በዚያ ጭምር እንዲቀመጥ ያዝዛል። ከዚህም ሌላ ተመራማሪዎች የመረጃ አያያዝ ዕቅዳቸውን ለምርምር ጽሕፈት ቤትና ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ቤተ መጻሕፍቱን ከምርምር ፍጻሜ ወደ ምርምር መነሻ የሚያመጣ ነውና።

ሆኖም በማኅደሮቹ ውስጥ ያለው ሀብት በአብዛኛው የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ሲሰናበት ክሊራንስ ይሞላል፤ የጽሑፉን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ካላስረከበ ክሊራንሱ አይፈረምም፤ ክሊራንሱ ካልተፈረመ ደግሞ ማስረጃው አይሰጠውም። ስለዚህ ማኅደሩ ከተማሪው ሥራ የሚያገኘው በማሳመን ሳይሆን በአስገዳጅ የአስተዳደር ሰንሰለት ነው።

ለመምህሩ ግን እንዲህ ያለ ሰንሰለት የለም። የመምህሩ የደረጃ ዕድገት በዋናነት የሚመዘነው በታወቁ መጽሔቶች ባሳተማቸው ጽሑፎች ነው። ጽሑፉ ታትሞ ለዕድገት ኮሚቴው ከቀረበ በኋላ በማኅደር ቢቀመጥም ባይቀመጥም በመምህሩ ኑሮ ላይ የሚጨምረውም ሆነ የሚቀንሰው ነገር አይታየውም። በተማሪ ክሊራንስ የለመደ ቤተ መጻሕፍት መምህሩንም በዚያው መንገድ ሊቀርበው ቢሞክር አይሳካለትም። ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል።

4. መምህራን ሥራቸውን ከማስገባት የሚቆጠቡባቸው ምክንያቶች

ምክንያቶቹ ብዙ ቢሆኑም በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የጊዜ እጥረት ነው። ሥራ ማስገባት ማለት የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ማውጣት፣ ረጅም ቅጽ መሙላት፣ ትክክለኛውን ቅጂ መፈለግና መጫን ማለት ነው። ትምህርት፣ ፈተና፣ የተማሪ ማማከርና የኮሚቴ ሥራ ለተደራረበበት መምህር ይህ ተጨማሪ ግዴታ ነው፤ ያውም ዛሬ ባይሠራ ማንም የማይጠይቀው ግዴታ።

ሁለተኛው የቅጂ መብት ሥጋት ነው። ከአሳታሚ ጋር የተፈረመው ውል ምን እንደሚፈቅድ ብዙ ጸሐፊዎች አያስታውሱም። አሳታሚው ይከሰኛል ብሎ መፍራትም፣ ምንም አይሉኝም ብሎ የአሳታሚውን የተዋበ ገጽ እንዳለ መጫንም ሁለቱም ካለማወቅ የሚመነጩ ናቸው።

ሦስተኛው የስርቆት ፍርሃት ነው። «ክፍት ከሆነ ይገለበጣል» የሚለው ሥጋት በመምህራንም በተማሪዎችም ዘንድ የተለመደ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ወደ መጽሔት ጽሑፍ ለመለወጥ ያሰበ ወጣት ተመራማሪም ቀድሞ በማኅደር መቀመጡ የኅትመት ዕድሉን ይዘጋበት እንደሆነ ይጨነቃል።

አራተኛው በማኅደሩ ላይ ያለው እምነት ማነስ ነው። መብራት በጠፋ ወይም ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር የሚዘጋ፣ ትናንት የተሰጠው አድራሻ ዛሬ የማይሠራ ማኅደር ሲያጋጥም መምህሩ ሥራውን ለዚያ ማኅደር ለመስጠት ቢያመነታ አይፈረድበትም።

እነዚህ ምክንያቶች የኢትዮጵያ ብቻ አይደሉም። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ፊሊፕ ዴቪስና ማቲው ኮኖሊ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዩኒቨርሲቲው የተተከለው ዲስፔስ በመምህራን እምብዛም እንደማይጠቀም አሳይተዋል። ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል አዲስ አሠራርን የመማር ሸክም፣ የቅጂ መብት ጥርጣሬና ቀድሞ ሌላ ቦታ ከሚያስቀምጡበት ልማድ ጋር መደራረብ ይገኙበታል። ሀብታም በሆነና ጠንካራ መሠረተ ልማት ባለው ተቋም ይህ ከታየ የችግሩ ሥር በገንዘብና በኮምፒውተር ብቻ እንዳልሆነ መረዳት ይቻላል።

5. የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተሞክሮ

5.1 ሮችስተር፦ የመምህሩን ቋንቋ መናገር

በአሜሪካ የሮችስተር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መምህራን ማኅደሩን ለምን እንደማይጠቀሙ ለማወቅ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ቀጥሮ መምህራኑ በቢሯቸው እንዴት እንደሚሠሩ አስጠንቷል። ናንሲ ፎስተርና ሱዛን ጊበንስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጥናቱ ውጤት ቀላልና አስተማሪ ነበር። መምህራን የሚጨነቁት ለተቋሙ ማኅደር ሳይሆን ለራሳቸው ምርምር ነው። የሚፈልጉት የአንድን ጽሑፍ የተለያዩ ቅጂዎች ሳይቀላቀሉባቸው መያዝ፣ ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር አብሮ መሥራት፣ ሥራቸው ሳይጠፋ መቆየቱን ማረጋገጥ፣ የቅጂ መብት አለመጣስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ሥራ አለመጨመር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ይናገር የነበረው ስለ ሜታዳታ፣ ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርና ስለ ተቋሙ ሀብት ነበር። ተናጋሪና አድማጭ ያልተገናኙት በዓላማ ሳይሆን በቋንቋ ነው። ከዚህ በኋላ ባለሙያዎቹ መምህሩን በግል ቀርበው ስለ ምርምሩ መጠየቅና ማኅደሩ ለእርሱ ምን እንደሚያደርግለት በራሱ ቃላት ማስረዳት ጀመሩ።

5.2 ሚኞና ሊዬዥ፦ ፖሊሲና አገልግሎት ሲጣመሩ

በፖርቱጋል የሚኞ ዩኒቨርሲቲ ማኅደሩን በ2003 እ.ኤ.አ. ከፍቶ በመጀመሪያው ዓመት ያገኘው ሥራ ከተጠበቀው በታች ነበር። ከ2005 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ግን መምህራን ሥራቸውን እንዲያስገቡ የሚጠይቅ ፖሊሲ አወጣ፤ ለፖሊሲው ተገዥ ለሆኑ የትምህርትና የምርምር ክፍሎችም የገንዘብ ማበረታቻ ሰጠ። የገባው ሥራ መጠን በጉልህ ጨመረ። የሐሳቡ አራማጅ የዩኒቨርሲቲው የዶኩመንቴሽን አገልግሎት ኃላፊ ኤሎይ ሮድሪገስ ነበሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ፖሊሲ ከላይ ብቻ የሚወርድ አለመሆኑ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ የፖሊሲው አመንጪ ሊሆን ይችላል።

በቤልጂየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሬክተሩ በርናር ሬንቲየ ቆራጥ ውሳኔ ወሰኑ። በ2008 እ.ኤ.አ. ኦርቢ የተባለው ማኅደር ሲከፈት የመምህራን ግምገማና የደረጃ ዕድገት ከማኅደሩ በሚወጣው የኅትመት ዝርዝር ብቻ እንዲመሠረት ተደረገ። በማኅደሩ ያልተመዘገበ ጽሑፍ በዕድገት ጊዜ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ይህ በእኛ ቋንቋ ለመምህሩ የተበጀ ክሊራንስ ነው ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን ግዴታው ብቻውን አልቆመም። አንድ ጊዜ የተመዘገበው ሥራ በመምህሩ የግል ገጽም ሆነ በሲቪው ላይ በቀላሉ እንዲወጣ ተደርጓል፤ አሳታሚው ያልፈቀደው ጽሑፍም ገብቶ ለጊዜው ዝግ ሆኖ እንዲቆይ፣ ፈላጊው ግን ከጸሐፊው ቅጂ እንዲጠይቅ መንገድ ተበጅቷል። ግዴታው መምህሩን አንድ ጊዜ ያመጣዋል፤ ደግሞ እንዲመለስ የሚያደርገው ያገኘው ጥቅም ነው።

6. የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ተግባራት

ከላይ ከታየው በመነሣት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሚና በአራት ተግባራት ሊዘረዘር ይችላል።

6.1 በመምህሩ ፈንታ መመዝገብ

የጊዜ እጥረትን የሚያቃልለው የመጀመሪያው መፍትሔ ባለሙያው መምህሩን «ና አስገባ» ማለቱን ትቶ «ስጠኝ ላስገባልህ» ማለቱ ነው። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ወይም ትምህርት ክፍል አንድ ተጠሪ ባለሙያ ይመደባል። ተጠሪው ከመምህሩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሲቪውንና የጽሑፍ ፈቃዱን። ከዚያ በኋላ በሲቪው ላይ የሰፈሩትን ሥራዎች አንድ በአንድ ይፈትሻል፣ የትኞቹ ወዲያውኑ ሊገቡ እንደሚችሉ ይለያል፣ ይመዘግባል፣ የጎደሉ ቅጂዎችን ዝርዝር ብቻ ለመምህሩ ይመልሳል። መምህሩ ለጽሑፍ መሰብሰቢያ ጊዜ ባይኖረውም ሲቪ ግን አያጣም፤ ለዕድገት ማመልከቻ ያዘጋጀው አለውና። የዕድገት ማመልከቻ የሚዘጋጅበት ወቅት ሥራዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ የሚሰበሰቡበት በመሆኑ ለባለሙያው ምቹ ጊዜ ነው።

6.2 የቅጂ መብትን ማስረዳት

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ የኢኮኖሚና የሞራል መብት ይሰጣል። የኢኮኖሚ መብት በውል ሊተላለፍ ይችላል፤ ለተወሰነ አገልግሎት ፈቃድ ሊሰጥበትም ይችላል። መምህሩ ለማኅደሩ የሚሰጠው ሁለተኛውን ነው፤ ባለቤትነቱን አያስተላልፍም፣ ዩኒቨርሲቲው ሥራውን እንዲያስቀምጥና እንዲያሠራጭ ይፈቅዳል እንጂ። ይህን አንድ ነጥብ በግልጽ አማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ማደል ብዙ ሥጋት ያስወግዳል።

ለታተሙ ጽሑፎች ባለሙያው ሦስቱን የጽሑፍ ደረጃዎች ለይቶ ማስረዳት አለበት። የመጀመሪያው ለመጽሔቱ የተላከው ረቂቅ ነው፤ ሁለተኛው ከአቻ ግምገማ በኋላ ተስተካክሎ ተቀባይነት ያገኘው የጸሐፊው የመጨረሻ ቅጂ ነው፤ ሦስተኛው በአሳታሚው ገጽ አቀማመጥ የወጣው ኅትመት ነው። ሦስተኛውን የማይፈቅዱ ብዙ አሳታሚዎች ሁለተኛውን ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ከተወሰኑ ወራት በኋላ የሚል ገደብ ያክላሉ። ሸርፓ ሮሜዮ በሚል ስም የታወቀው የመረጃ አገልግሎት የአሳታሚዎችን ደንብ ሰብስቦ ስለሚያቀርብ ባለሙያው መልሱን በአጭር ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ ጋር ተያይዞ መምህራን ሁለተኛውን ቅጂ እንዳይጥሉት ማሳሰብ ይገባል፤ ጽሑፉ ታተመ ተብሎ የሚሰረዘው ፋይል ብዙ ጊዜ ለማኅደሩ የሚሆነው ብቸኛ ቅጂ ነው።

ለስርቆት ፍርሃት የሚሰጠው መልስም ከዚሁ ይመነጫል። በማኅደር የተቀመጠ ሥራ የጸሐፊ ስም፣ የገባበት ቀንና ቋሚ አድራሻ አለው፤ ማን ቀድሞ እንደጻፈ ለማረጋገጥ ማስረጃ ይሆናል። በመደርደሪያ ላይ ያለ ጽሑፍ ቢገለበጥ ግን የሚያውቅ የለም። ከመመረቂያ ጽሑፉ የመጽሔት ጽሑፍ ለማውጣት ላሰበ ተማሪም መግለጫው ታይቶ ሙሉ ጽሑፉ ለተወሰነ ጊዜ ዝግ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል።

6.3 ሥራው ተፈልጎ እንዲገኝ ማድረግ

የባለሙያው ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ማኅደሮቹ የሚጠቀሙባቸው ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለሌላ የስም ሥርዓት፣ ለሌላ ፊደልና ለሌላ የዘመን አቆጣጠር ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላ ሰው ከሌለ የኢትዮጵያ ሥራ ማኅደር ውስጥ እያለ ይጠፋል።

ከስም ብንነሣ፣ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊ ደግሞ የራሱና የአባቱ ስም አለው እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። አንዱ መዝጋቢ የአባትን ስም ሲያስቀድም ሌላው የራሱን ስለሚያስቀድም የአንድ ሰው ሥራ በሁለት ሰው ስም ይከፈላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደ ፀሐይ ያለ ስም በየጽሑፉ ልዩ ልዩ አጻጻፍ ይይዛል። ባለሙያው የስም መዝገብ አዘጋጅቶ አንዱን አጻጻፍ መሪ፣ ሌሎቹን ተከታይ ማድረግ ይኖርበታል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠውንና ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አሐዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር መምህራን እንዲያወጡ መርዳትም ያሻል።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት የሚፈጥሩት ችግር ነው። «ጽሑፍ» የሚለው ቃል ብቻውን በጸ እና በፀ፣ በሐ፣ በሀ እና በኀ ሊጻፍ ስለሚችል ስድስት መልክ አለው። «ሥነ ጽሑፍ» ሲባል ሠ እና ሰ ተጨምረው አሥራ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ አያይዞ ሌላው ለያይቶ ስለሚጽፈው ደግሞ ሃያ አራት ይደርሳል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሃያ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ስነፅሁፍ» ብሎ የፈለገ ተማሪ በ«ሥነ ጽሑፍ» የተመዘገበውን ሳያገኝ «በርዕሱ ላይ የተሠራ ጥናት የለም» ብሎ ሊደመድም ይችላል። በቁልፍ ቃላት መስክ የተለመዱትን አጻጻፎች መጨመርና የእንግሊዝኛ ርዕስና አጠቃሎ ማከል ችግሩን ያቃልላል።

ሦስተኛው ከፊደል ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ጽሑፎች ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የግዕዝ መጻፊያዎች ሲጻፉ ቆይተዋል። በእነዚህ የተጻፈ ፋይል በዓይን ሲታይ ትክክለኛ አማርኛ ቢመስልም የፍለጋ ሞተር የሚያነበው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ርዕሱ፣ አጠቃሎውና ቁልፍ ቃላቱ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ አለባቸው።

አራተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2012 ዓ.ም. የቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ የቀን ማስታወሻ ሳይለወጥ ቢመዘገብ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት እንደተጻፈ ይቆጠራል። ይህ ስሕተት ጥናቱን ያረጀ ያስመስለዋል፤ ማን ከማን ቀደመ የሚለውንም ያፋልሳል። ሁለቱንም ዘመን ለይቶ መመዝገብ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን የዘለቄታ ነው።

መምህሩ እነዚህን አራት ችግሮች በራሱ ይፍታ ማለት አይቻልም። ባለሙያው ለመምህሩ «ሥራዎን በየትኛውም ቦታ ቢጭኑ እንዲህ ተስተካክሎ አይገኝም» ብሎ በልበ ሙሉነት ሊናገር የሚችለው ይህን ሥራ ሲሠራ ነው።

6.4 ውጤቱን ለመምህሩ መመለስ

ማኅደሮች እያንዳንዱ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና ከየትኞቹ አገሮች እንደተወረደ ይመዘግባሉ። ይህ ቁጥር በባለሙያው ኮምፒውተር ብቻ ቢቀር ጥቅሙ አነስተኛ ነው። በየሴሚስተሩ ለመምህሩ አጭር ደብዳቤ ቢጻፍለት ግን ሥራው አንባቢ እንዳለው ያያል፤ ለባልደረባውም ይነግራል። ባልደረባ ለባልደረባው የሚናገረው ቤተ መጻሕፍቱ ከሚለጥፈው ማስታወቂያ ይበልጥ ይሰማል።

7. የሚናው ወሰን

ማበረታታት ማለት ሁሉን ነገር መክፈት ማለት አይደለም። ባለሙያው የማኅደሩ በር ጠባቂም ነው። የቃል ግጥም ወይም የአካባቢ ታሪክ የሰበሰበ ጥናት በአባሪው የመረጃ አቀባዮችን ሙሉ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ሊይዝ ይችላል። የጤና ጥናት ታካሚን የሚያስለይ ዝርዝር ሊኖረው ይችላል። በገዳማትና በአድባራት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትንና ንዋየ ቅዱሳትን የሚዘረዝር ጥናት ቅርሱ የተቀመጠበትን ስፍራ ለይቶ ቢያመለክት ለሌባ መንገድ ጠቋሚ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ክፍሎች ከጸሐፊውና ከአማካሪው ጋር በመመካከር ተለይተው ዝግ መሆን አለባቸው። ይህን ጥንቃቄ የሚያይ መምህር በማኅደሩ ላይ ያለው እምነት ይጨምራል።

በሌላ በኩል ከባለሙያው አቅም በላይ የሆኑ ጉዳዮች አሉ። የደረጃ ዕድገት መመሪያን ማሻሻል የሴኔት ሥልጣን ነው። የማያቋርጥ ኃይል፣ ሰርቨርና ከግቢው ውጭ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ በጀት ይጠይቃሉ። መጠባበቂያው ማኅደሩ ካለበት ሕንፃ ውስጥ ከሆነ በመግቢያው ከተነሣው የህልውና አደጋ አያድንም። ባለሙያው እነዚህን አይወስንም፤ ማስረጃ አዘጋጅቶ ለሚወስኑት ማቅረብ ግን ይችላል። ይህንንም ለማድረግ የምርምርና የኅትመት ጉዳይ በሚነሣባቸው ኮሚቴዎች ቤተ መጻሕፍቱ መቀመጫ ሊኖረው ይገባል።

8. መደምደሚያና ጥቆማዎች

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪውን ሥራ በክሊራንስ ሰብስበዋል። የመምህሩን ሥራ ለመሰብሰብ ግን አስተዳደራዊ ግዴታን መጠበቅ ብቻ አያዋጣም። ተሞክሮዎቹ እንደሚያሳዩት ማኅደር የሚሞላው ፖሊሲና አገልግሎት ሲገናኙ ነው። ፖሊሲው በአገር ደረጃ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ትልቁ የቀረው ሥራ አገልግሎቱ ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ጥቆማዎች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ኮሌጅ የታወቀ ተጠሪ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይኑረው፤ በመምህሩ ፈንታ መመዝገብም የሥራ መዘርዝሩ አካል ይሁን።

ሁለተኛ፣ የዕድገት ማመልከቻ ሲቀርብ የኅትመት ዝርዝሩ ከማኅደሩ እንዲወጣ ሴኔቶች ይመርምሩ፤ አሳታሚ ያልፈቀደው ጽሑፍ ዝግ ሆኖ ሊመዘገብ እንደሚችልም በግልጽ ይደንግጉ።

ሦስተኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ጥምረቱ የኢትዮጵያውያን ስም አመዘጋገብን፣ የሞክሼ ፊደላት አያያዝንና የሁለቱን ዘመን አቆጣጠር አጻጻፍ የሚወስን አንድ የጋራ መመሪያ ያውጣ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በየራሱ ከመዘገበ በብሔራዊ ማኅደሩ አንድ ላይ ሲመጡ አይናበቡም።

አራተኛ፣ የመረጃ ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች የቅጂ መብትና የማኅደር አስተዳደርን በተግባር ልምምድ አስደግፈው ያስተምሩ።

አምስተኛ፣ ከግቢ ውጭ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ የማኅደሩ ቅድመ ሁኔታ ይሁን።

ከእነዚህ መካከል አዲስ መመሪያም ሆነ ልዩ በጀት ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ሊጀመር የሚችለው የመጀመሪያው ነው። አንድ ባለሙያ በአንድ ትምህርት ክፍል የአንድ መምህር ሲቪ ተቀብሎ ሥራዎቹን ቢመዘግብና ውጤቱን መልሶ ቢያሳየው አገልግሎቱ ተጀመረ ማለት ነው።